እስከ ሾላዋ

«አከራያችን እኮ ከወንድማቸው ታርቀዋል! በየጠዋቱ ወንዝ ወንዙን ይዘው እየሄዱ ነው የሚጠይቁት። ሽማግሌ እንኳ ሳይገባበት!»

ያይኔአበባ ይህን የሰማችው ከማድ ቤቱ ግድግዳ ወዲያ፣ ከተከራይዋ ከህይወት አፍ ነው። ህይወት መድኃኒት ቤት የምትሠራ ልጅ ናት። ጠዋት ጠዋት ፀጉሯን እያበጠረች ስልክ ታወራለች፤ የጭቃ ግድግዳ ደግሞ ብርድ ይከለክል እንደሆነ እንጂ ወሬ አይከለክልም። ያይኔአበባ ድንጋይ ወፍጮው ላይ ተደፍታ በርበሬ ከነጭ ሽንኩርትና ከዝንጅብል ጋር ትደቁስ ነበር። የምትደቁሰውም በግማሽ መጅ ነው። ደህናው መጅ፣ ያ ከሁለት እጅ ሞልቶ የሚተርፈው መፍጫ ድንጋይ፣ በቀደም ሲሚንቶው ላይ ወድቆ ለሁለት ተሰንጥቋል። ግማሽ መጅ የሰው ጣት ይልጣል እንጂ በርበሬ አያልምም። ነገሩን ስትሰማ በበርበሬ እጇ ብድግ ብላ የህይወትን በር ልታንኳኳ ነበር፤ ግን ምን ብላ? ወሬ የሰማሁት ግድግዳ ተደግፌ ነው አይባልም። እጇን ታጥባ ባሏን ፍለጋ ወደ በረንዳው ወጣች።

አቶ ላቀው የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ጡረታ ከወጣ ወዲህ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ሬዲዮ ያዳምጣል፤ መሪ የለቀቀ እጁም ከሬዲዮኑ ቁልፍ ላይ አይነሳም።

«ሰማህ?» አለችው።

«ሰማሁ።»

«ማን ነው እንዲህ እያለ የሚያወራው?»

ላቀው የሬዲዮኑን ድምፅ ቀነሰና «አንቺ ነሻ» አላት። ከዚያ መልሶ ከፍ አደረገው።

እውነቱን ነው። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ሆስፒታል ሄዳ ስኳር አለብሽ ተብላለች። ያከመቻት ነርስ መድኃኒቱን ከሰጠቻት በኋላ በየቀኑ መራመድ እንዳለባት ነገረቻት። ያይኔአበባ ዕድሜዋን በሙሉ ልብስ ስፌት መኪና ላይ ተቀምጣ የኖረች ሴት ናት፤ ነገሩ አልገባትም። «ወዴት ነው የምራመደው?» ብላ ጠየቀች። «ወደፈለጉት» አለች ነርሷ። በፍኖተ ሰላም ዙሪያ ግን ወደፈለጉት የሚባል ቦታ የለም። ሰው ወደ ገበያ ይሄዳል፤ ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ወደ ለቅሶ፣ ወደ ቢሮ ይሄዳል። ዝም ብሎ የሚሄድ ሰው ወይ ታሟል፣ ወይ ከቤቱ ተጣልቷል። በዋናው መንገድ ስትሞክር ባጃጁ ሁሉ እየቆመ «እማማ ይግቡ» ይላታል። አልገባም ስትል የመሳፈሪያ ያጣች መስሏቸው በነጻ ሊወስዷት የሚለምኗት አሉ። ከዚህ ሽሽት ነው ከድልድዩ ወርዳ የላህን ወንዝ ዳር መያዝ የጀመረችው።

ወንዙ ዳር ደግሞ ልብስ አጣቢዎች አሉ። «ወዴት ነው እትዬ?» ሲሏት በመጀመሪያው ቀን «እንዲያው ነው» ብላ አለፈች። በማግስቱም እንዲያው ነው አለች። በዚያን ጊዜ ንግሥቴ የምትባለው፣ ክንደ ብርቱዋ፣ የጨመቀችውን አንሶላ ድንጋይ ላይ ጥላ ተከተለቻትና ክንዷን ጨመደደቻት። «እትዬ፣ በልጆችዎ ይዤዎታለሁ! ቤት ውስጥ ምን ቢገጥምዎ ነው?» ሌሎቹም እጃቸውን እያራገፉ መጥተው ከበቧት። ውኃ ውስጥ ልትገባ የመጣች መስሏቸው ነበር። ያይኔአበባ ደነገጠች፤ መንገዱ መጨረሻ ላይ የምታውቀው ቤት አንድ ብቻ ስለሆነ «ኧረ ወደ ወንድሜ ነው!» አለች። ንግሥቴ ክንዷን ለቀቀችና ሳቀች። «እንዲያ አይሉም! ሰላም ይበሉልን።» ከዚያ ቀን ጀምሮ ለጠየቃት ሁሉ ወደ ወንድሜ ነው ትላለች። ትሄድና ከትልቋ ሾላ ሥር ስትደርስ ትመለሳለች። የገነነ ቆርቆሮ ቤት ከሾላዋ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ከገነነ ጋር የተቀያየሙት በእናታቸው ቀብር ነው። ገነነ ታናሿ ነው፤ በአባታቸው መሬት ላይ የቀረ፣ እናታቸውንም የጦረ እሱ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት ስልክ ተቋርጦ፣ መኪና መንገዱም ተዘግቶ በነበረ ጊዜ፣ እናታቸው አረፉ። ያይኔአበባ አልሰማችም። በሦስተኛው ቀን ገበያ ወጥታ ሽንኩርት ስታስመዝን ሻጯ ከሚዛኑ ላይ ቀና ብላ «ነፍስ ይማር እትዬ፣ እናትዎን ቀብረው መምጣትዎ ነው?» አለቻት። ገበያ መሃል ተቀምጣ አለቀሰች። ገነነ ሰው ልኬባት ነበር፣ የላክሁት ሰው መንገድ ላይ ተመልሶ ነው አለ ሲሉ ሰማች፤ አላመነችም። ለቅሶዋን በራሷ ቤት፣ በራሷ ድንኳን ተቀመጠች፤ ተዝካሩንም ለብቻዋ አወጣች። የንስሐ አባታቸው ቄስ ገብረ ኢየሱስ ሊያስታርቁ ሲመጡ በሰው ሁሉ ፊት ቃሏን ሰጠች፤ «ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ፣ አገር እያየው ከደጄ ይምጣና እግሬ ላይ ይውደቅ። ያለዚያ የእናቴ አጥንት ይውጋኝ፣ ከደጁ አልደርስም!» ድንጋይ ተሸክሞ የሚሄደው በዳይ ነው፤ ወደ ተበዳይ ደጅ። ይህን የማያውቅ ሰው በአገሩ የለም። ገነነ አልመጣም። እሷም አልሄደች። እንግዲህ ህይወት በስልክ የምታወራው ይህች ያይኔአበባ ድንጋዩም ሳይመጣላት፣ ማንም ሳይለምናት፣ በየጠዋቱ በገዛ እግሯ ወደ በደላት ሰው ትመላለሳለች እያለች ነው። ነገሩ ከአንጀቷ ገባ። ዛሬ ለእያንዳንዱ ሰው እውነቱን ልትናገር ቆርጣ፣ ልጇ ከባሕር ዳር የላከችላትን ሸራ ጫማ አድርጋ ወጣች። ጫማው ነጭ ነው። እንዳይታይባት ቀሚሷን ዝቅ አደረገችው።

የጥቅምት ማለቂያ ነው። ላህ የክረምት ጭቃውን ጨርሶ ጠርቷል። መንገዱ የከብት መንገድ ነው፤ ሜዳ ለሜዳ፣ አቀበት የለው ቁልቁለት የለው፣ በግራ ውኃው፣ በቀኝ ጤፉና የበርበሬ እርሻው። አንዱ ገበሬ በውኃ መሳቢያ ሽንኩርት መደቡን ያጠጣል፤ የሞተሩ ድምፅ ጥቂት ይከተላትና ይቀራል። ከዚያ በኋላ ውኃው ብቻ ይሰማል። ያይኔአበባ ለማንም አትናገር እንጂ ይህን መንገድ ወዳዋለች። የወገብ ሕመሟ መጀመሪያ ገለል የሚላት የሽንኩርቱን መደብ ስታልፍ ነው፤ ጉልበቷ የሚፍታታው ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ነው። ዕድሜዋን ሁሉ የሰው ትከሻና የሰው ወገብ ስትለካ ኖራ የራሷ እግር ደስ ሲያሰኛት ነውር መሰላት። አንድ ቀን ስታንጎራጉር ራሷን ሰምታ ሰው አየኝ ይሆን ብላ ዞር ዞር ብላለች። እቤት ስትገባ ላቀው ወዴት ነበርሽ ብሎ ጠይቋት አያውቅም። እሷም እንዲህ ያለ ነገር አየሁ ብላ አትነግረውም።

ሌላም ለማንም ያልነገረችው ነገር አለ። በመጀመሪያው ቀን ሾላዋ ጋ ስትደርስ የመንገዱ ማጠር አስደነገጣት። ልጅ ሆና ነው በዚህ በኩል የምታውቀው፤ ባል አግብታ ከተማ ከገባች ወዲህ እናቷን የምትጠይቀው በመኪና፣ በአስፋልቱ ዞራ ነበር። በእግር በወንዙ በኩል ግን አንድ ሰዓት ቢሆን ነው። በዚያ በክፉ ጊዜ እናቷ ታመው መተኛታቸውን ሰምታለች። መንገድ ተዘግቷል አለች፤ ሰውም አዎ ተዘግቷል አላት፤ ተዘግቶም ነበር። ተኩስም ነበር። ወንዙን ግን ማንም አልዘጋውም። በዚያ ቀን ማታ እራቷን አልበላችም፤ ላቀው ስኳሩ ነው ብሎ መድኃኒት ውሰጅ አላት።

አጣቢዎቹ ጋ ስትደርስ ንግሥቴ ገና ከሩቅ ስታያት «ወደ ገነነ ነው እትዬ?» አለች።

«አይደለም» አለች ያይኔአበባ፣ ቆም ብላ። «ለጤናዬ ነው የምሄደው። ስኳር አለብሽ ብለውኝ ተራመጂ ስላሉኝ ነው። ወንድሜ ጋ አልሄድም።»

ንግሥቴ ሳሙናውን አስቀምጣ አየቻትና ከጓደኞቿ ጋር ተሳሳቀች። «እናንተዬ፣ ከተማ የሚቀመጥ ሰው ምሥጢሩ! እሺ እትዬ፣ አልሰማንም። ለገነነ ግን ሰላም ይበሉልን፤ ለሚስቱ ለሥርጉትም።»

እውነት ስትናገር ሰው የሚስቅ ከሆነ ምን ይደረጋል? እየተበሳጨች አለፈች። ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ከፊቷ ጥቁር ጃንጥላ ይዘው ሲመጡ ያየቻቸው ሰው ቄስ ገብረ ኢየሱስ ናቸው፤ ወደ ከተማ፣ ወደ ቤተ ክህነት ይወርዳሉ። መስቀል ተሳለመች።

«አባ፣ ጥፋት አለብኝ። ለሰው ሁሉ ወደ ወንድሜ ነው የምሄደው እያልሁ ዋሽቻለሁ። ከሾላዋ አልፌ አላውቅም።»

«አውቃለሁ» አሉ ቄሱ።

«ማን ነገረዎ?»

«ገነነ ነዋ። እህትህ ደጅህ ድረስ እየመጡ ይመለሳሉ ብለው አጣቢዎቹ ከነገሩት ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ከበርበሬው ዳር ቆሞ ያይሻል። ትመጣለች ብሎ ይቆማል፤ ትመለሻለሽ። ሥርጉት ቁርሱን እዚያው ነው የምትወስድለት አሉ።»

ያይኔአበባ ፊቷን የሚያቃጥል ነገር ተሰማት። ነጩን ጫማ፣ ማንጎራጎሯን፣ ሁሉንም ያየባት መሰላት። «ቆሞ ከሚያየኝ ለምን ድንጋዩን ተሸክሞ አይመጣም?»

«ጠይቄዋለሁ። ድንጋዩስ ባልከበደኝ አለኝ» አሉና ጃንጥላቸውን ከፍተው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ከዚያ መመለስ ነበረባት። ልትመለስም ፈለገች። ግን ሰውነቷ መንገዱን ለምዶታል፤ ነገሩንም እያሰላሰለች ስትራመድ ሾላዋ ጋ ደረሰች። ዛሬ ግን ከሾላዋ ሥር አልቆመችም። ገነነ እንዳያያት ብላ በከብት መውረጃው ወደ ውኃው ወረደች። ገደሉ ከላይ ይከልላታል። ጫማዋን አውልቃ እግሯን ውኃ ውስጥ ነከረች። ቀዝቃዛ ነው። ከወዲያ ከእርሻው የደቦ ዘፈን ይሰማል፤ ሰሞኑን አገሩ ሁሉ በርበሬ እየለቀመ ስለሆነ የማን ደቦ እንደሆነ ልብ አላለችውም። እግሯን ስታንቀሳቅስ ጣቷ አንድ ነገር ነካ። ጎንበስ ብላ አየችው፤ ጥቁር፣ ሞላላ፣ ውኃ አለስልሶ የጨረሰው ድንጋይ ነው፤ ከሁለት እጅ ሞልቶ ይተርፋል። በሁለት እጇ አወጣችውና ሌላ ድንጋይ ላይ ወዲያና ወዲህ ሳበችው። አይነቃነቅም፣ አይንሸራተትም። እንዲህ ያለ መጅ ተፈልጎ አይገኝም። ከጠዋት ጀምሮ ደስ ያላት ያን ጊዜ ብቻ ነው። የህይወትን ወሬም፣ የቄሱንም ነገር ረሳችው።

ጫማዋን አድርጋ ልትወጣ ስትል ከብቶች ውኃ ሊጠጡ መውረጃውን ሞልተው መጡ። ቀንዳቸውን ፈርታ ውኃ ውኃውን ይዛ ጥቂት ሄደችና በሌላ ቀጭን መንገድ ወጣች። ድንጋዩ ይከብዳል። መጀመሪያ በሆዷ አቀፈችው፣ ቀሚሷን አረጠበው፤ ከዚያ ነጠላዋን እንደ ማቶት፣ እንደ ሸክም መደላድል፣ ጠቅልላ ትከሻዋ ላይ አደረገችና ጫነችው፤ በአንድ እጇ ደገፍ አድርጋ፣ አንገቷን ወደ አንድ ወገን ጣል አድርጋ፣ መሬት መሬት እያየች ወጣች። ለድቁሱ ነጭ ሽንኩርቱ ይበቃል አይበቃም እያለች ነበር።

ዘፈኑ ቆመ። የቆመውም በአንድ ጊዜ ነው። ቀና ስትል የበርበሬ እርሻ ዳር ላይ ቆማለች፤ ወንድ ሴቱ ጆንያና ቅርጫቱን እንደያዘ ወደ እሷ ዞሯል። አንድ ሽማግሌ ቆባቸውን አወለቁ። ምን ሆነው ነው ብላ ሳትጨርስ ከመሃል አንዲት ሴት እልልታዋን አቀለጠችው። ሥርጉት ናት፤ የገነነ ሚስት። ሌሎቹም ተቀበሏት። ያይኔአበባ ያን ጊዜ ነው ጫንቃዋ ላይ ያለው ነገር ምን እንደሚመስል የገባት። ክው አለች። ድንጋይ ተሸክማ፣ አገር እያያት፣ ከታናሽ ወንድሟ እርሻ ላይ ቆማለች። ቃሏ፣ መሐላዋ፣ የሁለት ዓመት ኩርፊያዋ ሁሉ በአንድ መጅ ሊሄድ ነው። «ለድቁስ ነው!» የሚለው ቃል ምላሷ ላይ ደረሰ። እውነትም ነበር። ጮክ ብላ ብትለው ደቦው በሙሉ በሳቅ ይፈርሳል፤ እሷም ተመልሳ ትሄዳለች፤ ዕርቁም ለዘለዓለሙ ይቀራል።

ገነነ እየሮጠ ደረሰ። ሸብቷል። ይህን ያህል መሸበቱን ማንም አልነገራትም። ከእግሯ ላይ ወደቀና ሁለት ጉልበቷን አቀፈ።

«ይጣሉት እትዬ! ስለ ማርያም ይጣሉት! ታላቄ ለእኔ ድንጋይ ይሸከማሉ? የበደልሁ እኔ!»

«ገነነ፣ ተነሥ፤ ይሄ ድንጋይ እኮ...»

«አልነሣም! ሰው ላክሁ ያልሁት ውሸቴን ነው። ማንንም አልላክሁም። እናታችን እንዳረፈች ሌሊቱን ራሴ ወጣሁ፣ ልነግርዎ። እስከ ሾላዋ መጣሁ። ወደ ድልድዩ ተኩስ ሰማሁና ፈራሁ። ተመለስሁ። ሾላዋ ጋ ቆሜ እንደ ልጅ አለቀስሁና ተመለስሁ። ድንጋዩስ ምን ይከብደኛል? ደጅዎ ተሸክሜ ብመጣ ፈራሁ የሚለውን እንዴት እነግርዎታለሁ ብዬ ነው የቀረሁት።»

ያይኔአበባ ዞር ብላ ሾላዋን አየቻት። ከዚህ ሲያዩዋት ቅርብ ናት፤ ከአንድ እርሻ አትርቅም። ይህን ሁሉ ጠዋት እዚያ ደርሳ ስትመለስ የኖረች እሷ ናት፤ ወንድሟን ፈሪ ልትለው አፏን መክፈት አልቻለችም። እናቷ ተኝተው ዓይናቸው መንገድ መንገድ ሲያይ እሷ ቤቷ ተቀምጣ የሰው ቀሚስ ታጥፍ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ወንድሟ ላይ የጮኸችው ይህን ላለመስማት እንደነበር አሁን ገባት።

«አንተስ እስከ ሾላዋ መጣህ» አለችው። «እኔ ከቤቴም አልወጣሁ።»

ገነነ ቀና ብሎ አያት። እየተነሣ ድንጋዩን ከትከሻዋ ሊያወርድ እጁን ዘረጋ። እጁን ገፋችው።

«ተወው። ከደጅህ ላድርሰው።»

በበርበሬው መሃል ሰዉ መንገድ ለቀቀላት። ድንጋዩ ከቅድሙ ይልቅ ከበዳት፤ ግን አላሳረፈችውም። ገነነ ከኋላዋ፣ ሥርጉት ከጎኗ እያለቀሱ ተከተሏት። ደጁ ላይ ስትደርስ አወረደችውና ከበሩ ጎን አስቀመጠችው። እቤት ገብታ እናቷ ይተኙበት የነበረው መደብ ላይ ተቀመጠች። ሥርጉት ሽሮና ጠላ አቀረበች፤ ጠላው ይቅርብኝ፣ ስኳር አለብኝ አለች ያይኔአበባ። ገነነ ከመቼ ጀምሮ ብሎ ጠየቀ። ነገረችው። አንገቱን ነቀነቀ። ስትወጣ ድንጋዩ በተቀመጠበት አለ፤ ዶሮ ቆሞበታል። የዕርቅ ድንጋይ ነውና በርበሬ ልፍጭበት የሚል ሰው በዚያ ቤት አይኖርም። መልካም መጅ እንዲሁ ሲቀር ልቧን ትንሽ ቆረጠው።

ገነነ የደረቀ በርበሬ በጆንያ ይዞላት እስከ ድልድዩ ሸኛት። አጣቢዎቹ ልብሳቸውን ሰብስበው ሄደዋል፤ ወዴት ነው፣ ከወዴት ነው የሚል ሰው አልነበረም። ሾላዋን ሲያልፉ ሁለቱም ወደ እሷ አላዩም።

ቤቷ ስትደርስ ፀሐይ ልትገባ ነበር። ህይወት ደጅ ላይ ቆማ ስልክ ታወራለች፤ ስታያት ዝቅ ብላ እጅ ነሣች። ላቀው እንደ ጠዋቱ በረንዳው ላይ አለ፤ ሬዲዮው ይናገራል። ያይኔአበባ ጆንያውን አስቀመጠችና ከጎኑ በርጩማ ስባ ጫማዋን ማውለቅ ጀመረች። ነጭነቱ ጠፍቷል፤ ጭቃና የበርበሬ ቅጠል ይዟል። ላቀው ጫማውን አየ፤ ጆንያውን አየ፤ አንድ ወገኑ የረጠበውንና የተጨማደደውን ነጠላዋን አየ።

«ዛሬ ቆየሽ» አላት። «ወዴት ሄደሽ ነው?»

«ወደ ወንድሜ» አለችው።

ላቀው እጁን ሰዶ ሬዲዮኑን ዘጋው።